የቁጭ ብድግ ቅጣት

አጁሉ ወፍራም ናት። ማማቴ እንዳይመስላችሁ፤ ራሷም «እኔ ስሳፈር ባጃጇ ወደ አንድ ጎኗ ታዘነብላለች» እያለች ትስቃለች። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ባላት ፎቶ ኮፒ ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። ደንበኛው ሁሉ «ተስማምቶሻል!» ሲላት ደስ ይላት ነበር። ደስታዋ የተቋረጠው እናቷ እማማ አባንግ የወደቁ ዕለት ነው።

እማማ አባንግ ሕመም ግራ ጎናቸውን ሽባ ካደረገው ወዲህ ያለ ልጃቸው የትም አይንቀሳቀሱም። ያን ዕለት ሲታጠቡ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። አጁሉ ብብታቸውን ይዛ ብትጎትት፣ ብትታገል፣ ወይ ፍንክች! ትንፋሿ አጠረ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ በመጨረሻ ወጥታ ጮኸች። ጎረቤታቸው ኦቻን ከነወንድሙ ሮጦ መጥቶ አነሳቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ጌታ ይባርካቸው። ግን ሴትዮዋ ራቁታቸውን ነበሩ። ኦቻን ደግሞ በልጅነቱ ከእጃቸው የጎረሰ፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ እማማ አባንግ ውሃ መጠጣት ተዉ። በጋምቤላ ሙቀት፣ አስቡት! ልጃቸው ብርጭቆ ስታቀርብላቸው «ጠጥቻለሁ» ይላሉ። ሽንት ቤት ውሰጂኝ ላለማለት፣ መንገድ ላይ ላለመውደቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። ልታያቸው የመጣችው ነርስ መቅደላዊት ተቆጣች።

«እንዲህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው ይጎዳል» አለቻት አጁሉን ለብቻዋ። «እሳቸው እንዲያምኑሽ አንቺ ጠንክሪ። ክሺ አላልኩሽም፤ ጉልበት አውጪ ነው የምልሽ።»

በቴሌግራምም የስፖርት ቪዲዮ ላከችላት፤ ለጀማሪ የሚሆን፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ። ቪዲዮው ላይ የምታሠራው ልጅ ቀጭን ናት፣ ሳቋ አያልቅም። «በጣም ቀላል ነው!» ትላለች። «ለአንቺማ ይቅለልሽ፤ ምን ተሸክመሽ!» አለቻት አጁሉ፣ ስልኳ ላይ እያፈጠጠች።

ሥራው ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ግድግዳ መግፋት፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንሳት ነው። ሙቀቱ ሳይብስ በማለዳ ብትነሳም ገና ሳትጀምር ላቧ ይንጠባጠባል። በመጀመሪያው ሰሞን ጭኗ ታስሮ መቀመጥ እንኳ አሳሯን አበላት። ስልኩን ደፍታ ያለቀሰችበት ቀንም አለ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች መቅደላዊት ልታጽናናት።

«እንቁላልማ ቀላል ነው!»

ቢሆንም አልተወችውም። ውላ አድራ ወንበሩን በእጇ ሳትደገፍ መነሳት ቻለች። አንድ ጧት እንደ ልማዷ ቁጭ ብድግ ስትል እናቷ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያለቅሱ ሰማች።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«በቃሽ፣ ተይ» አሉ በአኝዋክኛ። «ምንም አላጠፋሽም።»

አጁሉ ግራ ገባት። ነገሩ ወዲህ ነው፦ እማማ አባንግ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በትምህርት ቤት ጽዳት ነው፤ ለእሳቸው ቁጭ ብድግ ማለት ያረፈደ ተማሪ ጆሮውን ይዞ ፀሐይ ላይ የሚቀጣው ቅጣት ነው። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ልጃቸው «እናቴን ማንሳት አቃተኝ» ብላ ራሷን የምትቀጣ መስሏቸው ኖሯል! ስልኩ ውስጥ ያለችውም ቀጪዋ መስላቸዋለች።

አጁሉ ልትስቅ ብላ ተወችው። ደግሞስ ቅጣት አልነበረም ወይ? ወንበሩ ላይ በተቀመጠች በተነሳች ቁጥር ፊቷ ድቅን የሚለው ያ ወለል ነበር። ራሷን ጠልታው ነበር፣ ክፉኛ።

«ቅጣት አይደለም፣ እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «አንቺን ለማንሳት ነው የምለማመደው። ሁለተኛ ሰው እንዳልጠራብሽ።»

 እማማ አባንግ እንባቸውን በደህና እጃቸው ጠረጉና «እስቲ አንሺኝ» አሉ።

አጁሉ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። እግሯን ከፈት፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ዝቅ አለችና አቅፋ ሳበቻቸው። ከአልጋው ተላቀቁ። መሃል ላይ ግን ጭኗ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ክንዷ ላላ። ጌታ ሆይ፣ ልጥላት ነው! አሁን ከጣለቻቸው ዳግመኛ እጇን አያምኑም።

«ኦቻንን ልጥ...»

«ዝም በይ!» አሉ እናቷ።

ቀኝ እግራቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ቀኝ እጃቸውን አንገቷ ላይ ጠመጠሙና በሙሉ ኃይላቸው ወደ ላይ ገፉ። ከታመሙ ወዲህ ሲያነሷቸው ሰውነታቸውን ይለቁ ነበር እንጂ አንድም ቀን ገፍተው አያውቁም፤ አጁሉም «ግፊ» ብላቸው አታውቅም። ሁለቱም ቆሙ። አንዳቸው በአንዳቸው ላይ ተደግፈው ያለከልካሉ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ እንዴት ትከብጃለሽ!» አሉ እማማ አባንግ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «አንቺን ማንሳት ገደለኝ እኮ!»