በስኳር ዕቃው ውስጥ የተገኙት ጥይቶች

የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ኦርቪል ሱሪውን ታጠቀ ማለት ሽጉጡን ያዘ ማለት ነው። ሽጉጧ መዳፍ የማትሞላ፣ ጥይቷን በሚሽከረከር መዘውር የምትጎርስ ናት፤ መቺዋን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳቡላት አትተኩስም። በቴክሳስ ሜዳ እባብ አይጠፋምና ማንም አልነቀፈውም። ጥንቃቄውማ ለጉድ ነው! በቆዳ ማኅደሯ ሆና ቀኝ ኪሱ ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ቁልፍ የለ፣ ሰንጢ የለ። አምስት ቀዳዳ ቢኖራትም የሚያጎርሳት አራት ጥይት ነው። መቺው ጥይት ላይ ካረፈ ስትወድቅ ልትተኩስ ትችላለች፤ ባዶው ቀዳዳ ላይ ካረፈ ግን ብትወድቅም አትጮህም።

ክፋቱ፣ ሰሞኑን መርሳት ጀምሯል። መነጽሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ካገኘችው ወዲህ ልጁ ዋይኖና ቁርጡን ነግራዋለች።

"አባዬ፣ አንድ ቀን አምስት አጉርሰህ ባገኝህ ሽጉጧ መሳቢያ ትገባለች። ቁልፉም እኔ ጋ ነው!"

ያለ ሱሪ ውጣ የተባለ ያህል ከፋው።

ሐሙስ ከሰዓት ዋይኖና ዶሚኖ መጫወቻ ቤት ወስዳው አጠገቡ ተቀመጠች። አንዲት የዶሚኖ ድንጋይ ከእጁ ወደቀች።

"አንሳት እንጂ፤ ልትደብቃት ነው?" አለው ጓደኛው ክሊተስ።

"አንተን ለማሸነፍ ደግሞ መደበቅ ያስፈልጋል?"

ጎንበስ ሲል ሽጉጧ ከማኅደሯ ሾልካ በመቺዋ ሲሚንቶው ላይ ቋ! አለች። ክሊተስ ያን የሚያህል ሆዱን ይዞ ጠረጴዛ ስር ገባ። አልተኮሰችም። ዋይኖና አንስታ ከፈተቻት። አራት ጥይት፤ ከመቺው ፊት ባዶ።

"ውጣ አንተ ፈሪ!" ኦርቪል ደረቱን ነፋ። "አየሽ ልጄ?"

"አየሁ አባዬ። ይቅርታ።"

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ሜልባ ጓሮ ባሚያ እየለቀመች ነበር። ሻዩን ራሱ ሊያጣፍጥ ተነሳ፤ ስኳር የምትጨምርለት ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ከመደርደሪያው ጥግ ጆሮው የተሰበረ የስኳር ዕቃ አግኝቶ ከፈተ። ስድስት ጥይት። የሱው ሽጉጥ ጥይቶች!

ጠዋት ሲያጎርስ ስልክ ጠርቶ ነበር። ስንት እንዳጎረሰ ለማስታወስ ቢሞክር ጠፋበት። አምስት ከነበሩ ክሊተስን ሊገድለው ነበር።

ሜልባ ባሚያዋን ይዛ ገባች።

"ስድስት ቀን?" አላት።

"ስትላጭ አየት አደርጋታለሁ። አምስት ከጎረሰች ከመቺው ፊት ያለችውን አወጣለሁ። ዛሬም አውጥቻለሁ።"

"ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ስትኮራ ደስ ትለኛለሃ፣ አንተ ሽማግሌ!"

ኦርቪል ዓይኑን ጠራረገና ዋይኖናን ጠራት። ጥይቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው።

"ዛሬም ረስቼ ነበር። ያተረፈችን እናትሽ ናት።" ሽጉጧን አወጣ። ዋይኖና እጇን ስትዘረጋ ግን ለሜልባ ሰጣት። "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያዣት።"

"ታዲያ እባቡ ዘንድ ብቻዬን ልትልከኝ ነው?"

"ማን ይልክሻል? አብረን ነዋ!"

ዋይኖና የመሳቢያውን ቁልፍ ኪሷ መለሰች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባልና ሚስቱ ወደ አጥሩ ወጡ። ኦርቪል ባዶ ኪሱን ዳሰሰ፤ እንደፈራው አልከበደውም። እንዲያውም ደስ አለው።

"ኪስሽ ውስጥ ቁልፍ አለ?"

"የለም።"

"ሰንጢስ?"

"የለም።"

"ስንት አጎረስሽ?"

"አራት።"

"መቺውስ?"

"ባዶው ላይ። አሁን እጄን ያዝና እንሂድ።"