አራት ተኩል ላይ የቆመችው መርፌ

ትምህርት ቤቱ በሙሉ «እትዬ» እያለ የሚጠራት የጽዳት ሠራተኛ የፊዚክስ ላቦራቶሪውን ወለል አሥራ አንድ ዓመት ወልውላለች። ዛሬ ግን መወልወያዋን ኮሪደሩ ላይ አስደግፋ የገባችው ልትፈተን ነው። የላብ ረዳቱ ጡረታ ወጥቷል፤ ማስታወቂያው ደግሞ የተግባር ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ቦታውን ያገኛል ይላል። እሷም «ሁሉ» የሚለውን እንደተጻፈ አንብባ ተመዘገበች። መምህራኑ ሁለት ቀን ሙሉ ሳቁባት። ይሳቁ፤ መሳቅ አይከለከልም። እሷ በታላቅ ወንድሟ ሬዲዮ መጠገኛ ውስጥ ያደገች፣ እኩዮቿ ገመድ ሲዘሉ ሽቦ ስትበይድ የኖረች ሴት መሆኗን ማን ጠይቋት ያውቃል?

የፊዚክስ መምህሩ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፦ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ሁለት መቶ ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ቻርጅ የምታጠራቅም አውራ ጣት የምታህል ካፓሲተር፣ ቮልት የሚለካ ባለመርፌ አሮጌ ቴስተር። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ካፓሲተሩን ቻርጅ የሚያደርግ ሰርኪዩት ሥሪልኝ» አላት መምህሩ። «ዘጠኝ ቮልት ሲሞላ አሳዪኝ፤ ያኔ አለፍሽ።»

እትዬ መጀመሪያ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ አነካክታ የቀረ ቻርጅ ካለ አስወጣች። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ወደ ሬዚስተሩ፣ ከሬዚስተሩ ወደ ካፓሲተሩ ረጅም እግር፣ ከአጭሩ እግር ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሽቦ አገናኘች። ቴስተሩን ካፓሲተሩ ላይ ሰካች። መምህሩ መነጽሩን ጠርጎ ሳይጨርስ እሷ ጨርሳ አበራችው።

መርፌዋ ተነሳች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ወጣችና አራት ተኩል ላይ ቆመች። ደቂቃ አለፈ፤ ንቅንቅ የለም። እትዬ ደነገጠች።

«አይዞሽ እትዬ፣ ካፓሲተሩ ነው የተበላሸው» አለ መምህሩ። «ዲጂታሉ ቴስተር ተበላሽቶ በዚህኛው መጠቀም ከጀመርን ወዲህ ስንቱን ፈትሼ ጣልኩት መሰለሽ። የካፓሲተሮቹ ካርቶን ሙሉ ብልሽት ነው። ቆይ ሌላ ልስጥሽ።»

ነገሩ ያኔ ወለል ብሎ ታያት። እሱ የሚጥላቸውን ካፓሲተሮች ከቅርጫቱ የምትለቅማቸው እሷ ነች፤ የጎረቤት ሬዲዮ ትጠግንባቸዋለች፣ አንዱም አሳፍሯት አያውቅም። ሌላ ብትቀበለው ያም አራት ተኩል ላይ ይቆማል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ መምህሩን በአለቃው ፊት ልታሳጣው ነው፣ ማለፏና መውደቋም ያለው በእሱ እጅ ነው። ይሁንና ሥራውን የምታውቀው እሷ ሆና አፏን ልትይዝ አልመጣችም።

«ቲቸር፣ ካፓሲተሩ ደህና ነው። ችግሩ ቴስተሩ ጋ ነው።»

«ቴስተሩማ ይሠራል።»

«ይሠራል፣ ግን እየጠጣ ነው። ሬዚስተሩ የሚያሳልፈው ጠብታ ነው፤ ያቺኑ ጠብታ ቴስተሩ ይወስድበታል። የዚህ ቴስተር የውስጡ ሬዚስተር ከዚህኛው ሬዚስተር እኩል ስለሆነ ዘጠኙን ለሁለት ተካፈሉት። ወንድሜ ሁሌም ‹ነካ አርገሽ አንሺ፣ አትተኚበት› ነበር የሚለኝ።»

ቴስተሩን ነቀለችው። ሦስቱም የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ሁለት ደቂቃ ጠበቁ። እትዬ የቴስተሩን ጫፎች ስታስነካ መርፌዋ ተወርውራ ዘጠኝ አጠገብ ደረሰች፤ ወዲያው ቀስ እያለች መውረድ ጀመረች።

«አዩት? ይኸው መጠጣቱን ጀመረ» ብላ አነሳችው።

መምህሩ ፊቱ ቀልቶ የተማሪ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ደህናውን ዕቃ ነዋ ስጥል የከረምኩት» አለ። አፍሯል፤ ግን ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ምክትሏ ዞረ። «ዘጠኝ ደርሷል፣ ይጻፉልኝ። ነገ ጠዋት ይህንኑ ለተማሪዎቹ እሷ ታሳያቸው፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«ጠዋትማ ኮሪደር እጠርጋለሁ» አለች እትዬ፣ ከልምድ።

ምክትሏ ከምትጽፈው ቀና ሳትል፣ «ለኮሪደሩ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» አለች።