የስድስት ዓመት ልጅ ወገብ

ባለቤቴ ስልክ እንዳላነሳ ከከለከለኝ ስምንት ዓመት ሆነው። ያኔ አንዱ ደውሎ ለዓይነ ስውራን ነው ብሎ እያለቀሰ ቢለምነኝ አዘንኩና ገንዘብ ላክሁለት። ኋላ አጭበርባሪ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ስልክ ከባለቤቴ ኪስ አይወጣም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ "የእኔዋ እኮ በስልክ ካለቀሱላት ቤቱንም ትሰጣለች" እያለ ያስቃል። አብሬ እስቃለሁ፣ ሆዴ ግን ቂም ይዟል።

ባለፈው ቅዳሜ በስፌት መኪናዬ የሰው ሱሪ ሳሳጥር እሱ አጠገቤ ተቀምጦ በስልክ ያወራል። ድምፁ ሲለሰልስብኝ መርገጫውን አቆምኩ።

"ስልሳ ልጆች? እናትም አባትም የላቸውም? ለዩኒፎርም ነው? አይዞህ ወንድሜ፣ አሁኑኑ እልካለሁ።"

የሚልከው የስፌት መኪናዬን ሞተር ለማስቀየር ያስቀመጥነውን ገንዘብ ነው። ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ በእግሬ እየረገጥኩ ስሰፋ ጉልበቴ አልቋል።

"ስልኩን አምጣው" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ያኔ ያደረግሽውን ረሳሽው?"

"ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ፤ ስለ ዩኒፎርም አንተ ምን አገባህ?" ብዬ ስልኩን ከጆሮው ላይ ወሰድኩት።

"የኔ ልጅ" አልኩት ደዋዩን፣ "ልብስ ሰፊ ነኝ። እኔው እሰፋላቸዋለሁ፣ ልካቸውን ንገረኝ።"

"እናቴ፣ ገንዘቡ ቢሆን ይቀላል።"

"ለእኔ መስፋቱ ይቀላል። ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስድስት።"

"ወገቡስ?"

በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

"ዘጠና" አለኝ።

"ዘጠና ሳንቲሜትር?"

"አዎ እናቴ።"

"ዘጠና እኮ የባለቤቴ ወገብ ነው፣ እሱም ምሳ ከበላ በኋላ። የራስህን ነው እንዴ የለካኸው?"

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየ።

"ልጁ ትንሽ... ወፈር ይላል" አለ ደዋዩ።

"እንግዲያው ይዘኸው ና፣ እዚሁ እለካዋለሁ።"

ዘጋው። ባለቤቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በስልክ ነገር ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

"እንግዳ ሲመጣ ይቺንም ታወራታለህ" አልኩት።

"አወራለሁ።"

"ልትልክ እንደነበርም ጭምር።"

"እሱን እንኳ ብንተወው?"

"አንተወውም።"

ሰኞ ሞተሩ ተገጠመ። ማክሰኞ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው የሕፃናት ማሳደጊያ ሄድኩ። ባለቤቴንም ይዤው ሄድኩ፤ እኔ ቁጥር ስጽፍ እዘገያለሁ፣ እሱ ይጻፍልኝ ብዬ። አስራ ስምንት ልጆች ለካሁ። አንዷ ሜትሩ ብብቷን ሲነካት ኮረኮራት መሰለኝ እየተንከተከተች አላስለካ አለች፤ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከስድስት ዓመቶቹ መካከል ወገቡ ከሃምሳ አምስት ያለፈ አንድም አላገኘሁም።

በመሃል የባለቤቴ ኪስ ጮኸ። አውጥቶ ቁጥሩን አየና አላውቀውም አለ። እጄን ዘረጋሁ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን አየና ሰጠኝ።

"ሃሎ" አልኩ፣ "ማን ልበል?"