ያለሰለሰችው ጨርቅ

በልብስ አጠባው ቤት ስሟ ችካል ነው። አንዴ ከተተከለች የሚነቅላት የለም ብለው ያወጡላት። ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥባለች፣ ጨምቃለች፣ አጥፋለች። አሁን ደክሟታል። ድካሙ ተኝተው የሚገላገሉት ዓይነት አይደለም፤ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ይነሳና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ከአጠባው ቤት ቀጥሎ አንድ አዳራሽ አለ። እዚያ ሴቶች ከጣሪያ በተንጠለጠለ ረጅም ጨርቅ ላይ እየወጡ፣ እየተጠመጠሙ፣ ተዘቅዝቀው እየተንጠለጠሉ ይማራሉ። መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን "እነዚህ ደግሞ ምን ጎድሏቸው ነው?" ብላ አለፈች። በማግስቱ ቆም አለች። በሦስተኛው ቀን የአንሶላ ጆንያ እንደተሸከመች በሩ ላይ ተገትራ አስተማሪዋ አየቻት።

"ይግቡ እንጂ፣ እትዬ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጀማሪዎች እንቀበላለን። ልመዝግብዎት?"

"እኔን? ጉድ ፈላ! እስቲ መጀመሪያ ባለቤቴን ላማክር።"

ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

ነገሩን የነገረችው ለልብስ ተኳሿ ብቻ ነው። ተኳሿ አሥር ዓመት ከጎኗ ካውያ ስትገፋ የኖረች ወዳጇ ናት፤ ምላሷም እንደ ካውያው ነው።

"ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ" አለች ተኳሿ፣ "አንቺ ደግሞ ላሟን ልታልቢ ልትወጪ ነው?"

"ብወጣስ?"

"ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ሲጮህ የማልሰማ መሰለሽ?"

"ይጩኻ! ቅባት ያጣ በር ይጮሃል፤ ተሰበረ ማለት ነው እንዴ?"

አፏ እንዲህ ይመልስ እንጂ ሆዷ ሌላ ይላል። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነው፣ ወገቧን ያማታል። እነዚያ ሸንቃጣ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ሲስቁባት ከአሁኑ ይታያታል። ሄዳ አትመዘገብ ነገር ፈራች፤ እንዳትተወው ደግሞ ችካል ናት።

በመጨረሻ ዘዴ አገኘች። ጨርቆቹ በላብ ቆሽሸዋል፣ እኔ ልጠባቸው ብላ አስተማሪዋን ጠየቀቻት። ደጃፉን ለመልመድ ነው። አስተማሪዋ ደስ ብሏት ሦስቱንም አሸከመቻት።

ቅዳሜው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት አጠበቻቸው፤ ችካል እንደዚያ አድርጋ ልብስ አጥባ አታውቅም። በመጨረሻው ውኃ ላይ ለክቡር እንግዳ አንሶላ ብቻ የምትጨምረውን ማለስለሻ ጨመረች። አንድ ክዳን ይበቃ ነበር፤ እጇ ግን አልጠግብ ብሏት ሁለት አደረገችው። ጨርቁ የሕፃን ጉንጭ መሰለ።

ዓርብ ከሰዓት አስተማሪዋ አጠባው ቤት ድረስ ጨርቆቹን ታቅፋ መጣች።

"እትዬ፣ ምን አድርገውበት ነው? አንዷ ተማሪዬ ከላይ ተንሸራታ ፍራሹ ላይ ዱብ አለች። እግዜር አተረፋት፣ መዳፏ ብቻ ነው የተላጠው።"

"ማለስለሻ ነው" አለች ችካል።

"እኛን የሚይዘን እኮ ሻካራነቱ ነው! ነገ ደግሞ ጀማሪዎች ይመጡብኛል።"

ተኳሿ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻል ነበር።

ችካል ጨርቆቹን ተቀብላ እንደገና ውኃ ውስጥ ነከረቻቸው። አራት ጊዜ አለቀለቀቻቸው፤ በሦስተኛው ማለስለሻውን እንዲያስለቅቅ ኮምጣጤ ጨመረችበት። እጇ ሲሠራ ልቧ አንድ ነገር ይደጋግምባት ነበር፦ ጨርቁን ማጠብ ያቃታት ሴትዮ ጨርቁ ላይ ልትወጣ? ነገ አስረክቤ እሄዳለሁ፣ ነገሩም በዚሁ ይቅር አለች።

ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣች ይዛቸው ሄደች። ጀማሪዎቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ መዳፏን በፋሻ የጠቀለለችውም ልጅ አለች። አስተማሪዋ አንዱን ጨርቅ ሰቀለችና ወደ ልጆቹ ዞረች። የመጀመሪያ ልሁን የሚል ጠፋ። ሁሉም የሚያየው ያንን ፋሻ ነው።

"በቃ እኔው ልሞክረው" አለች አስተማሪዋ።

"ቆይ!" ችካል ልትወጣ በሩን ይዛ ነበር። "በእኛ ቤት ደንቡ እንደዚያ አይደለም። ያጠበ ነው ዳስሶ የሚያስረክበው። ሌላ ሰው አይዳስስለትም።"

መጣችና ጨርቁን በመዳፏ አሸችው። ደህና ይመስላል። ግን ሐሙስም ደህና መስሏት ነበር። የተንጠለጠለ ነገር ተንጠልጥለው እንጂ በመዳሰስ አይታወቅም። ይቺን ስታስብ ጫማዋን አውልቃ ነበር። የካልሲዋ ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቷ ብቅ ብሏል። አንዲት ልጅ ሳቅ አለች። ትሳቅ።

ጨርቁን የእጇ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመዘዘችው፣ ውኃ የጠጣ አንሶላ ስትጨምቅ እንደምታደርገው።

"ይሄን አያያዝ ማን አሳየዎት?" አለች አስተማሪዋ።

"አንሶላ።"

ከዚያ እግሮቿን አነሳች። ጉልበቷ ቀጭ አለ፣ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ትከሻዋ ሊገነጠል ደረሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጨርቁ አልተንሸራተተም። አራት ላይ ለቀቀችና ፍራሹ ላይ ዝርግፍ አለች።

"ይይዛል" አለች እያለከለከች። "ውጡበት።"

ሊያነሷት እጅ ዘረጉላት፤ እምቢ አለች። ከመሬት ከፍ ያለችው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ወገቧ እንደ ወትሮው ይጠዘጥዛታል። ድካሙም የትም አልሄደም፤ እዚያው አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል።

አስተማሪዋ መዝገቧን ይዛ ጎንበስ አለችላት። "ባለቤትዎን አማከሩት?"

"አማከርኩት።"

"ምን አለ?"

"ዝም አለ። ድሮም እሺ ሲል እንደዚያ ነው።"

ቀስ ብላ ተነሳችና፣ ካልሲዎቿን አውልቃ ኪሷ ከታ፣ ተራ ለመጠበቅ ከተሰለፉት ጀማሪዎች መጨረሻ ሄዳ ቆመች።