የጠርሙሱ ሐይቅ

ሰው ሚስት ለማግባት ምን የማይዋሸው አለ? አንዱ ቤት አለኝ ይላል፣ አንዱ ጥርሴ የራሴ ነው ይላል። ፀጉር ቆራጩ ግን ሐይቅ ነው የዋሸው።

ያኔ ጎረምሳ ሳለ፣ ዛሬ ሚስቱ የሆነችውን ሴት ሁለት ሰው ነበር የሚፈልጋት። አንደኛው ባለ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሌላው አጅሬ ፀጉር ቆራጩ ነው፤ ያለው ነገር ቢኖር አንድ መቀስ፣ አንድ ማበጠሪያና ያ አፉ። ሹፌሩ በመኪና ሲያንሸራሽራት አጅሬ ጨነቀው፣ ጠበበው። አንድ ቀን በጠርሙስ ውኃ ይዞላት ከች አለ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለችው።

"የተራራው ሐይቅ ውኃ ነዋ! ያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐይቅ። ገደሉን በባዶ እግሬ ወርጄ ላንቺ ብዬ ቀዳሁት።"

ልጅቷ አለቀሰች። ሹፌሩ ለሷ ብሎ ቤንዚን አቃጠለ እንጂ ገደል አልወረደም። በዚያው አጅሬን አገባችው።

ውኃው ግን የቧንቧ ነበር። ከፀጉር ቤቱ ጓሮ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ጠርሙሱ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ መሀል እንደ ዋንጫ ተቀመጠ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሚስት ታወጣዋለች፣ ታሪኩን ታወራለች፣ ጠርጋ ትመልሰዋለች። አጅሬ ደግሞ ነገሩ እውነት እንዲመስል ከካላንደር ላይ የሐይቁን ፎቶ ቀዶ፣ ፍሬም አስገብቶ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰቀለው። የሰቀለው ከደንበኛው ጀርባ ነው፣ ተራ ከሚጠበቅበት አግዳሚ በላይ። ክብ ሐይቅ፣ አፋፉ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ወደ ታች የሚወርድ መንገድ። ደንበኛው ፊቱን በመስታወት ሲያይ ሐይቁንም አብሮ ያያል። አጅሬም ከኋላው ቆሞ መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣ "ያን ዛፍ አየኸው? በስተቀኝ ያለውን? እሱን ይዘህ ነው ቁልቁል የምትወርደው" ይላል። እንዲህ እያለ የስንቱን ጢም ላጨ! ልጁ ተወልዶ፣ አድጎ፣ የራሱን ጢም አብቅሎ እስኪላጭ ድረስ አባት ከወንበሩ አጠገብ ፈቀቅ ሳይል ሐይቁን ሲወርድ ኖረ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አንድ ራሰ በራ ደንበኛ አለው። እናቱ ከወለደችው ጀምሮ ፀጉር አላየም ይባላል፤ ፀጉር ቤት የሚመጣው ወሬ ሊቃርም ነው። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ተንጋሎ፣

"ስማ እንጂ አንተ ሰውዬ" አለ። "ይሄን ሐይቅ ስትነግረን ሸበትን'ኮ። እሁድ ለምን አትወስደንም?"

የአጅሬ መቀስ አየር ላይ ቀረ። "አንተ ምን ሸበተህና ነው? ደግሞ ዝናብ ነው።"

"ዝናቡ አባርቷል።"

"መኪና የለም።"

ወንበሩ ላይ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነው ሰውዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ሹፌር! ሴትየዋን ቢነጠቅም ጢሙን የሚላጨው እዚያው ነው። ቂም የለውም ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ፣ አይ፣ አጅሬ የሚወድቅበት ቀን እንዳያመልጠው ነው ይላሉ።

"መኪና አለ" አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

አጅሬ ወደ ቤት ሲገባ አንድ ተስፋ ነበረው። ሚስቱ "ቤቱን ጥለህ የትም አትሄድም" ብትለው እፎይ ሊል። እሷ ግን ፊቷ ፀሐይ ሆነ።

"እኔም እሄዳለሁ! ሐይቄን ሳላየው ልሙት እንዴ?"

ክው አለ። ሌላው ሁሉ ቢያውቅበት ስቆ ይተወዋል። እሷ ካወቀች ግን አለቀለት፤ ትዳሩ የቆመው በአንድ ጠርሙስ የቧንቧ ውኃ ላይ ነው።

እሁድ ጠዋት አጅሬ የሠርግ ጫማውን ወልውሎ አጠለቀ። ሌላ ጫማ የለውም። ተራራ ሄዶ የማያውቅ ሰው ምን ይያዝ? ጃንጥላ ያዘ፣ ሽቶ ያዘ፣ የአልጋ አንሶላ ያዘ፣ ሬዲዮ ያዘ። ውኃ ረሳ። ሚስቱ አንዲት ቦርሳ እንደ ጨቅላ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ልያዝልሽ ቢላት እምቢ አለች። በር ላይ አማቱ ትንሽ ጀሪካን ይዘው ጠበቁት።

"ልጄ፣ ይቺን ሙላልኝ። ያች ውኃ ለሆድ መድኃኒት ናት።"

"ማን አለ እማማ?"

"ሆዴ ነዋ!"

ሚስት ቀልጠፍ ብላ "እማዬ፣ ብርድ ይመታሻል፣ ግቢ ግቢ" እያለች ጀሪካኑን ተቀብላ እናቷን ወደ ውስጥ ገፋቻቸው። አጅሬ ነገሩ አልገባውም። ብቻ የሱ ጭንቀት ይበቃው ነበር።

መኪናው ባልና ሚስቱን ከነደንበኞቹ ጭኖ መንገዱ እስካለቀ ድረስ ወሰዳቸው። ከዚያ ዳገት ነው። ፀጉር ቆራጭ ቀኑን ሙሉ ይቆማል እንጂ አይራመድም፤ ገና ሳይጋመስ የአጅሬ ጉልበት ቄጤማ ሆነ። ጫማው ደግሞ አንድ ወደፊት ሲሉት ሁለት ወደኋላ።

"በባዶ እግርህ አልነበር የወረድከው?" አለ ራሰ በራው።

"ያኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን ገደሉም አርጅቷል።"

"ሬዲዮኑስ ምን ሊያደርግልህ ነው?"

"ዝም ብለህ ውጣ! ጉልበትህን በወሬ አትጨርስ!" አለ እሱ ራሱ ትንፋሹ ተቆርጦ።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሐይቅ የሚባል የለም። ጉድጓዱ በጉም ተሞልቶ አፍ ድረስ እንደ ወተት ጢም ብሏል። መንገዱ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ሁሉም ዞሮ አጅሬን አየው።

"ዛፉ በስተቀኝ ነው" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"በግራ ነው" አለች ሚስቱ።

"አንቺ ሴት፣ መጥቼበታለሁ'ኮ!"

"መምጣቱንስ መጥተሃል። ፎቶው ላይ ግን በግራ ነው። እኔ አይደለሁ አቧራውን የምወለውለው?"

"ቀኝ ነው! ቀኝ ነው!" አሉ ደንበኞቹ በአንድ አፍ። "ስንት ዘመን ያየነውን! ቀኝ ነው እመቤቴ!"

ጢም ያለው ሁሉ ለቀኝ እጁን አወጣ፤ ጢም የሌላት እሷ ብቻ ተሸነፈች። ሹፌሩ ጉልበቴን ያመኛል ብሎ እዚያው ድንጋይ ላይ ቀረ። ሌሎቹ አጅሬን ተከትለው ወደ ቀኝ ነጎዱ።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ዛፍ የለም። ቁጥቋጦ አለ፣ እሾህ አለ፣ ተንሸራታች ጠጠር አለ። አጅሬ "ደረስን፣ ደረስን፣ ይቺን እንለፍ እንጂ" እያለ ሲመራ የሠርግ ጫማው ከዳውና ቁጭ። ምን ላይ? ሳማ ላይ! ሱሪውም ከኋላ ጣጣጥ ብሎ ተተረተረ። ሚስት አዘነችለትና ሽቶውን አውጥታ አርከፈከፈችበት። ያኔ የጮኸውን ጩኸት ጉሙ ራሱ ሰምቶ ሳይደነግጥ አልቀረም፤ ገለል አለ።

ሐይቁ ታየ። ክብ፣ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ። ዛፉም ታየ፣ ከማዶ፣ መጀመሪያ ከቆሙበት በስተግራ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ። ከሥሩ ሹፌሩ ተጋድሞ ብርቱካን እየላጠ እጁን ያወዛውዝላቸዋል። ሽንቱን ሊሸና ወደ ግራ ብቅ ቢል ነው ያገኘው።

ራሰ በራው መላጣውን እያሻሸ ቆየና "መስታወቱ!" ብሎ ጮኸ። "እናንተዬ፣ ፎቶውን ሁላችንም በመስታወት ነው'ኮ ያየነው! ግራው ቀኝ ሆኖብን!"

ደንበኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

"እነሱስ ይሁን፣ በመስታወት ነው ያዩት" አለች ቀስ ብላ። "አንተ ግን በእግርህ ነው የመጣኸው።"

የአጅሬ ምላስ ግን ከእግሩ ትፈጥናለች።

"እኔ ያኔ ከወዲያ በኩል ነው የመጣሁት። ከወዲያ ሲመጣ ግራው ቀኝ ይሆናላ!"

ሚስቱ አየችው። ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ አቅፋ ወደ ዛፉ ቀደመች።

ተመልሰው በዛፉ ሥር ወረዱ። አጅሬ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በመቀመጫው። ታች ሲደርሱ ደንበኞቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን ይንቦራጨቁ ጀመር። አጅሬ ግን ውኃውን አየና ልቡ ተሰነጠቀ። አረንጓዴ ነው። ቡፌው ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ መስኮት የጠራ! እሷ ይሄን ሳታይ አትቀርም። ዞር ቢል ሚስቱ የለችም። ቢፈልጋት፣ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ቁጢጥ ብላ አገኛት። ያቺን ቦርሳ ከፍታ፣ ያንን ጠርሙስ አውጥታ፣ ውኃውን አሸዋው ላይ ትደፋለች!

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ሴትየዋ እንደ ሌባ ደነገጠች። ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"ይቅር በለኝ። ይሄ ያንተ ውኃ አይደለም። የቧንቧ ነው።"

አጅሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። አወቀችብኝ ብሎ።

"ያንተን እማዬ ጠጥታዋለች" አለች። "በተጋባን ሰሞን ሆዷን ታማ ስትገላበጥ ከቡፌው አውጥታ ጭልጥ አደረገችው። ተሻላት ደግሞ! አንተ እንዳታዝን ብዬ ከቧንቧ ሞልቼ መለስኩት። ዛሬ ሳታየኝ በእውነተኛው ልተካው ነው የመጣሁት።"

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው "አይዞሽ፣ የኔም የቧንቧ ነው" ብሎ ይገላገላል። አጅሬ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

"ገደል ወርጄ ያመጣሁትን! ይሄን ሁሉ ዘመን የቧንቧ ውኃ እያሳየሽኝ!"

"ጥፋቴ ነው፣ ጥፋቴ ነው።"

"በይ ግድ የለም። ይቅር ብዬሻለሁ። ለሰውም አልናገርብሽ።"

ሚስት በምስጋና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጎንበስ ብላ ከሐይቁ ዘግና ፊቷን ታጠበች። ውኃው አፏ ገባ።

"እንትፍ! እንትፍ! ሳሙና! የተቀቀለ ሳሙና!"

ምላሷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ቀጥ አለች። ቀስ ብላ ዞረች።

"እማዬ ያንን ውኃ ጠጥታ ምን እንዳለች ታውቃለህ?"

"ምን አሉ?" ድምፁ ቀጠነ።

"'እንደ ዝናብ ውኃ ጣፋጭ ናት' ነው ያለችው።"

አጅሬ ሰማይ አየ፣ ጫማውን አየ። "ከወዲያ በኩል ያለው… ይጣፍጣል።"

"ከወዲያ?" ቀና ብላ ማዶውን አየች። ማዶው ዝንጀሮ እንኳ ተመካክሮ የሚወርደው ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። "በዚያ ነው በባዶ እግርህ የወረድከው?"

አጅሬ ኩምሽሽ አለ። "የቧንቧ ነበር" አለ፣ እንደ ትንኝ።

"ያንን የመሰለ ባለ ሚኒባስ ትቼ ለቧንቧ ውኃ!"

የእናቷን ጀሪካን ሐይቁ ውስጥ ደፍቃ እስከ አፉ ሞላችና ከፊቱ አስቀመጠች። "ተሸከም።"

ወይ ያ ዳገት! አጅሬ ጀሪካኑን አንዴ በትከሻው፣ አንዴ በሆዱ፣ አንዴ እንደ ልጅ አዝሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ እያለ ወጣ። የተቀደደ ሱሪውን በአንሶላው አገልድሟል። ሚስቱ ከኋላው ናት፤ "ላግዝህ" የሚል ሲመጣ "ተወው፣ የለመደው ነው" ትላለች።

ዛፉ ሥር ሹፌሩ ይጠብቃል። ዛሬ ቀኑ እንደሆነ ገብቶታል። ሁሉም እስኪሰበሰብ ጠበቀና፣

"እመቤት፣ እስቲ ባንቺ አፍ እንስማው" አለ። "እውነት ይሄ ሰውዬ ከዛሬ በፊት እዚህ መጥቶ ያውቃል?"

ራሰ በራው ጆሮውን አቀና። አጅሬ ጀሪካኑን አስቀምጦ ራሱን ደፋ። አለቀ፣ አለ በሆዱ።

ሚስቱ ባሏን አየችው። አንሶላውን አየች፣ ከጫማው ውስጥ የወጣውን የቆሰለ አውራ ጣቱን አየች፣ ጀሪካኑን አየች።

"እንዴታ!" አለች። "ከወዲያ በኩል ነው የመጣው። ለሚስቱ አምጥቷል፣ ዛሬም ለአማቱ ተሸክሞ ሲወጣ በዓይናችሁ አይታችኋል። አንተ ከብርቱካን ሌላ ምን ተሸክመህ ታውቃለህ?"

ደንበኞቹ አውካኩ። ሹፌሩ የብርቱካን ልጣጩን ለቃቅሞ ወደ መኪናው ቀደመ። የአጅሬ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ሰዉ ራቅ ሲል ሚስቱ ጆሮው ሥር ጠጋ አለች። "በል አሁን አፍስሰው።"

"ምኑን?"

"ጀሪካኑን ነዋ! እናቴን ሳሙና ግተህ ልትገድላት ነው?"

"ታዲያ ለምን አሸከምሽኝ?!"

"ገደል ሳትወጣልኝ ልሙት?" አለችና ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

ቤት ሲደርሱ በጓሮ በር ገቡ። እሷ ጀሪካኑን አለቅልቃ ያዘች፣ እሱ ቧንቧውን ከፈተ። ያ ለየብቻ ሲዋሹት የኖሩት ውሸት ዛሬ የጋራ ሆነ። ድምፁ እንዳይሰማ ቀስ አድርገው ሞሉና ለእናትዬው በብርጭቆ አቀረቡላቸው።

አማትየው አሸተቱ። ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

"ይቺው ናት!" አሉ። "ጣዕሟ ከአፌ አልጠፋም። ሐይቅ ሐይቅ ትላለች። ውይ ልጄ፣ እንደው ያን ሁሉ መንገድ… ሩቅ ነው አይደል?"

"ኧረ ቅርብ ናት እማማ" አለ አጅሬ። "ባሰኘዎት ሰዓት ብቅ ብዬ አመጣለሁ።"

ሚስቱ ምን እንዳነቃት ሳይታወቅ እያሳለች ወደ ጓሮ ሮጠች።