አንድም ትንኝ አትገባም

የኛን አገር ትንኝ የማያውቅ ሰው ሲሰማን ይስቃል። «ለትንኝ ብለው በር ያሽጋሉ!» ይላል። ይሳቅ። ነፋስ በሌለበት የሐምሌ ጧት እዚህ ስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ባሕሩ ተራሮቹን ሰንጥቆ በሚገባበት በአርድኔል፣ ከመኪናው ይውረድና ከዚያ ይሳቅ። አፉን ሲከፍት ትንኞቹ ይሞሉበታል።

ሞራግ እባላለሁ። ድሮ ፖስታ ትጭን በነበረች ቀይ መኪና ውስጥ ነው የምኖረው። አልጋዬም ምድጃዬም ከመሪው ኋላ ናቸው። በዚህ ዳርቻ መኪናውን ቤት ያደረገ ሰው ሁሉ መስኮቱን የማለብስለት እኔ ነኝ። ለቢምቢ የተሠራ አጎበር ለኛ ትንኝ ሰፊ በር ነው። ስለዚህ እንደ ዱቄት መንፊያ የደቀቀ መረብ ገዝቼ በየመስኮቱ ልክ እቆርጥና ጠርዙ ላይ ማግኔት እሰፋበታለሁ። የመኪናው ብረት ላይ ልጥፍ ይላል። አየር ያስገባል፣ ትንኝ ይከለክላል። ሙያው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም መከልከልማ ድንጋይም ይችላል።

ይህን ለጎረቤቴ ለዱጋል ያልነገርኩበት ጊዜ የለም። ዱጋል ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ጀልባውን ሸጦ አሮጌ የዳቦ መኪና ገዛና መጥቶ ከጎኔ አቆማት። ጎኗ ላይ የተሣለው ዳቦ ደብዝዞም ቢሆን ዛሬም ይታያል። ግትር ሰው ነው፤ ግን ሲያስቅ ሆድ ያሳምማል። እኔም ብወደው አላፍርበትም።

እዚህ ሁላችንም የምናከብረው ደንብ አለ። ነፋስ ጸጥ ሲል የሰው በር አይከፈትም። ለአንዲት ሰላምታ ብለህ በር ብትከፍት ባለቤቱን የሌሊት እንቅልፍ ታስከፍለዋለህ። በትንኝ ሰዓት የምንነጋገረው በክላክስ ነው። ጧት አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ይመልሳል፤ «በደኅና ነግቶልኛል» ማለት ነው። እኔና ዱጋል ተኳርፈን እንኳ ሳንመላለስ ቀርተን አናውቅም። ሲያኮርፍ የሱ ክላክስ ረዘም ይላል። ስድብ መሆኑ ነው።

ሾና የዱጋል ልጅ ናት። እሱና እናቷ ሲለያዩ ከእናቷ ጋር ወደ ግላስጎው ሄደች፣ እዚያው አደገች፣ ለብዙ ዓመታት ስሙንም አላነሣችም። አምና በሐምሌ ሳይታሰብ መጣች። ዱጋል የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ንጹሕ አየር ታግኝ ብሎ የኋላውን በር ወለል አድርጎ ከፈተላት። ጧት ስትነሣ ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ ተከድኗል። «ይቅርታ አባዬ፣ አልቻልኩም» ብላ በዚያው ሰዓት ሄደች። ያ ያበጠ ፊት ዓመቱን ሙሉ ከዱጋል ዓይን አልጠፋም።

ዘንድሮ እንደገና እመጣለሁ ብላ ስትደውል፣ ፕላስተርና የጀልባ ሬንጅ ይዞ ተነሣ። ልጠይቀው ገባሁ። የሰፋሁለት መረቦች ተጠቅልለው ጥግ ተጥለዋል። የጣሪያው መተንፈሻ ተደፍኗል። የመስኮቶቹ ዙሪያ በሙሉ በፕላስተር ታሽጓል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ዓይን የለሽም እንዴ? ቀዳዳ እደፍናለሁ።»

«መረብ ሰፍቼልህ የለ?»

«መረብሽን ማን ጠላ? ግን መረብ ማለት ራሱ ቀዳዳ ነው፤ ሺህ ቀዳዳ ተሰብስቦ መረብ ይባላል።»

«አየሩስ?»

«አየር ካማራት ደጅ ሞልቷል። አፍ ከተዘጋ ዝንብ አይገባም። ዘንድሮ አንድም ትንኝ አትገባም!»

ጎንበስ ብዬ ምድጃው ሥር አየሁ። እዚያ ወለሉ ላይ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ነበረች። ስፖንጅ ጠቅጥቆባት በሬንጅ ለስኗታል። የጀልባ ሰው አይደል፤ ቀዳዳ ሲያይ ውሃ የሚገባ ይመስለዋል። ባሕር ላይ ቀዳዳ ይገድላል። መኪና ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን ደግሞ እድሜውን በጀልባ ለጨረሰ ሰው ማስረዳት አይቻልም።

«ይህችንስ ክፈት። ጋዝ የምታነድበት ቤት ነው እኮ።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። አምናም የገቡት በሷ ነው።»

«አምና የገቡት አንተ በከፈትከው በር ነው! ስማኝ፣ ጋዝ ሲነድ አየሩን ይበላል። ሽታ የሌለው ጢስ ይተፋል። ሳያስልህ ይገድልሃል።»

«የመርዝ ጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል አለኝ» አለና ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። ነጯ ሣጥን ተሰቅላለች፤ መብራቷ ግን አይበራም።

«ባትሪዋ የት ሄደ?»

«ሬዲዮኑ ውስጥ። ድንች በቀቀልኩ ቁጥር እንደ አማት ትነዘንዘኛለች።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ዱጋል!»

ቀልዱን ተወ። ፕላስተሩን አስቀምጦ ጉልበቱን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሞራግ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ሳትነከስ ትደር። ጧት ፊት ለፊት ተቀምጠን ገንፎ እንብላ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ራሴ በቢላ እከፍተዋለሁ፤ ይኸው ማልሁልሽ።»

በንዴት በሩን አላትሜ ወጣሁ። በኋላ ግን ባትሪ ፈልጌ ተመለስኩ፤ የኔ የእጅ ባትሪ ውስጥ ያለው ለሱ ሣጥን ልኩ አልሆነም። «ነገ ከተማ ስወርድ እገዛልሃለሁ» አልኩት። «ነገማ ገንፎ እየበላሁ ነው» አለኝ።

ሾና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብ መጣች። ካፖርቷ በስብሶ ውሃ ያንጠባጥባል። ዱጋል እንደ ሙሽራ ተላጭቶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። እጁን ልዘርጋ ወይስ ልቀፋት ሲል እሷ ቀድማ አቀፈችው። ዞር ብዬ ባሕሩን አየሁ።

ዝናቡ ሲያባራ እኔ ዘንድ መጣች።

«እርስዎ ሞራግ ነዎት አይደል? አባዬ በስልክ ስለ እርስዎ ያወራል።»

«ምን ብሎ?»

«ምላሷም እንደ እጇ መርፌ ነው ብሎ።»

«መርፌዬን ቢሰማማ ጥሩ ነበር። ነዪ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የጋዝ ማሞቂያው እየነደደ እንዳትተኙ። ቤቱን እንዴት እንዳሸገው አይተሻል።»

ሳቀች። ሳቋ የሱ ነው። «አየሁት። ለኔ ብሎ ነው፤ ሰው እንዲህ ለፍቶልኝ አያውቅም። እሺ፣ አጥፋው እለዋለሁ» አለች።

ወዲያው ነፋሱ ጸጥ አለ። ከዚህ ሰዓት በላይ የምጠላው የለም። ሣሩ መወዛወዙን ያቆማል። ባሕሩ እንደ ወጥ ድስት ረግቶ ይቀራል። ወፎቹ እንኳ ዝም ይላሉ። ከዚያ ከሣሩ ሥር ግራጫ ነገር እንደ ጢስ እየተነሣ ወደ ሰው ይመጣል። ሾና ኮፍያዋን ስባ ሮጠች። የሁላችንም በር ተዘጋ።

በመስኮቴ እነሱን አያለሁ። የማሞቂያው ቀይ ብርሃን ይታያል። ከላዩ የሾና ካፖርት ተሰቅሏል፤ እስኪደርቅ ነው። ዱጋል ሻይ በኩባያ ይዞ መስኮቱ ጋ መጣና አንድ ጣቱን አንሥቶ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘልኝ። አንድም የለም ማለቱ ነው። እንዲያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። እኔ ግን ማሞቂያውን በእጄ እያመለከትኩ እንዲያጠፋ ነገርኩት። ኩባያውን ለጤናሽ እንደሚል ወደ ላይ አነሣልኝና መጋረጃውን ሳበ።

ሲነጋ ነፋሱ አልተመለሰም። ጭጋጉ መሬት ነክቶ ተኝቷል፤ ትንኙ መስታወቴን አጨልሞታል። ክላክስ ነፋሁ። መልስ የለም።

ልጅቷ ተኝታ ይሆናል፣ ላለመቀስቀስ ነው አልኩ። ሻይ ጣድኩ። አልጠጣሁትም። ደግሜ ነፋሁ፤ ይህኛውን እንደ እሱ ረዘም አደረግሁት። ዝም። ያ ሰው ለስድብ መልስ ነፍጎ አያውቅም።

መስታወቴን በእጅጌዬ ወልውዬ የዳቦ መኪናዋን አየሁ። የሷ መስኮቶች ከውስጥ በላብ ተሸፍነው ውሃው ይንጠባጠባል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር፤ ሳየው መጀመሪያ አልገባኝም።

ትንኝ የምትከተለው ትንፋሽ ነው። ሰው ያለበት መኪና ላይ፣ ምንም ቢታሸግ፣ ትንፋሽ በሚሾልክበት ስንጥቅ ሁሉ ትከማቻለች፤ እኔም ቀዳዳ የማገኘው በዚሁ ነው፤ እነሱ የተሰበሰቡበትን አይቼ እደፍናለሁ፣ መረብ አለብሳለሁ። ያን ጧት የዱጋል መኪና ከትንኝ ባዶ ነበረች። በሩ ላይ የሉም። ጣሪያው ላይ የሉም። ከኋላ፣ ከአልጋው ራስጌ ባለችው መስኮት ጥግ ብቻ፣ ጣት የማታስገባ ክፍተት ላይ ጥቁር ሆነው ተጎዝጉዘዋል።

ሁለት ሰው ባደረበት መኪና የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ!

ደንቡን ረሳሁት። የጎማ መፍቻውን ብረት ይዤ ወጣሁ። ዓይኔ ውስጥ ገቡ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገቡ፣ እየተፋሁ ሮጥኩ። በሩ ከውስጥ በፕላስተር ታሽጓል። ብረቱን አስገብቼ ፈለቀቅሁት፤ ፕላስተሩ እንደ ጨርቅ እየተቀደደ ለቀቀ። የሞቀ፣ የታመቀ አየር ፊቴን መታኝ። ምንም አይሸትም።

ማሞቂያው ሊጠፋ ትንሽ የቀረው ቢጫ ነበልባል ያሳያል። ጠምዝዤ ዘጋሁት። ሾና አልጋው ላይ አፍንጫዋን የመስኮቱ ክፍተት ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ፊቷ በሙሉ አብጧል። ብብቷን ይዤ ጎተትኳት፤ ከየት ያመጣሁት ጉልበት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እርጥቡ ሣር ላይ ስጥላት አስታወከች፣ ቀጥሎ አቃሰተች። ያን ማቃሰት ስሰማ አለቀስኩ።

ለዱጋል ተመለስኩ። አልጋውን ለሷ ሰጥቶ እሱ ወለሉ ላይ፣ ማሞቂያው አጠገብ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ጉንጩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቷል። የሚያንኮራፋ ይመስላል። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። ምድጃው ላይ ለጧት የተነከረ አጃ አለ፤ አጠገቡ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ።

አምቡላንስ ጠራሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እንመጣለን አሉ። ሾናን በብርድ ልብሴ ሸፍኜ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ዓይኗን በግድ ከፈተች።

«አባዬስ?»

ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። ገባት።

«ማሞቂያውን አጥፋ አልኩት» አለች ቃሉ እየተቆራረጠባት። «ካፖርትሽ ይድረቅና አጠፋዋለሁ አለኝ። ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነው እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። እኔ ራሴን አመመኝ። ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ላጥኩና መስኮቱን ትንሽ ገፋሁት። አልነገርኩትም። ቅር ይለዋል ብዬ።» ያበጠ ፊቷን በእጇ ነካች። «ጧት ሲያየኝ በምን እንደምሸፍነው እያሰብኩ ነበር።»

እጇን ከፊቷ ላይ አንሥቼ ያዝኩት።

በፈለቀቅሁት በር በኩል ዱጋል ይታየኛል። ትንኙ በደመና እየሆነ ይገባል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይወጣል። እኔ ላይ ያርፋል፣ ሾና ላይ ያርፋል፤ ትንፋሻችንን ተከትሎ ከንፈራችንን ይበላል። በእጄ እየጠረግሁላት ወደ እሱ አየሁ። ፊቱ ንጹሕ ነበር። እሱ ላይ አንድም አላረፈችም።