የኩሬው ዝቃጭ

ከጀርመኗ ብሬመን ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር የምትኖረው ሮስቪታ የጓሮውን ኩሬ ገና ሲቆፈር ነበር የጠላችው። የቆፈረው ባሏ ኦትማር ነው፤ ብርዱ ሳይጠና በየዓመቱ የሚያጸዳውም እሱ። ኩሬው ጥልቀት ስለሌለው በበረዶው ወራት እስከ ታች ይጋገራል፤ የኦትማር ዘጠኝ ወርቃማ ዓሦች አስቀድመው ወጥተው ምድር ቤት ባለው በርሜል መክረም አለባቸው። ዘንድሮ ግን ኦትማር ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወንበር ላይ ውሏል። ሥራው በሮስቪታና በልጇ ባል በዴትሌፍ ላይ ወደቀ።

ዴትሌፍ ውኃውን በፓምፕ ሲቀንሰው ሽታው ተነሣ። የበሰበሰ እንቁላል ከዚያ ይሻላል። የጠቆረው ቅጠል በጓንቷ ላይ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። ከመሐሉ ቆዳዋ የተላጠ የሞተች እንቁራሪት ወጣች።

"ኤጭ!" ሮስቪታ ዞር ብላ ምራቋን ተፋች።

"እማማ፣ ገና ሳንጀምር ሊያስመልስዎ ነው እንዴ?" ዴትሌፍ ሳቀ። "ቅጠሉን ይዛቁ፤ ዓሦቹን ለኔ ይተዉልኝ።"

ደስ አላት። ጥቂት ቆይታ የዛቀችውን ልትደፋ ቅጠሉ ወደሚበሰብስበት ሳጥን ስትሄድ ግን የዴትሌፍ ባልዲ እዚያ ተቀምጧል። ጭቃው ይንቀሳቀሳል። ወርቃማ ጅራት አንዴ ብቅ ብሎ ሰመጠ።

"ዴትሌፍ! ምንድን ነው ይሄ?"

"ዓሦቹ ናቸዋ።"

"በርሜሉስ?"

"ማን በደረጃ ውኃ ሲያመላልስ ይዋል፣ እማማ? በጸደይ ሌላ እንገዛለን። አባባ እንደሆኑ አይለዩዋቸው፤ ሁሉም አንድ ናቸው።"

"በሕይወት እያሉ?"

"ዓሣ ደግሞ ምን ያውቃል!" አለና ሲጋራውን ለኮሰ።

ሰባት ዓመት ሙሉ "ልጄ" ስትለው የኖረችው ሰው ይህ ነው። ዓሦቹ ከወፍራሙ ጓንት ቢያመልጧት አውልቃ ጣለችውና ባዶ እጇን እስከ ክርኗ ባልዲው ውስጥ ነከረች። ዝቃጩ በጣቶቿ መሐል ሲሾልክ ቁርሷ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ መልሳ ዋጠችው። ስድስቱ ይንፈራገጣሉ፤ ሦስቱ አብቅቶላቸዋል።

"ኧረ እማማ ይተዉት፣ ይቆሽሻሉ!"

"ዞር በል ከፊቴ!"

ስድስቱን ውኃ ባለበት ባልዲ ይዛ ምድር ቤት ወረደች፤ ውኃ እያመላለሰች በርሜሉን ሞልታ ለቀቀቻቸው። ስትመለስ ኦትማር ከወንበሩ ተጣራ።

"ሮዚ፣ ዘጠኙም ደህና ናቸው?"

ልትዋሽለት አሰበች። ዴትሌፍ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ያቁለጨልጭባታል።

"ስድስት ናቸው" አለች፣ "ሦስቱን ይሄ ልጅ ከነነፍሳቸው ቆሻሻ ውስጥ ጥሏቸው ሞቱ።"

ኦትማር ወደ አማቹ ዞረ። ዴትሌፍ "ቀልድ እኮ ነው…" አለ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ሮስቪታ የነካውን የበር እጀታ በሳሙና አጠበችው።